ክፍት ንባብ፣ ዝግ ትርጓሜ፦ የኑክሌር ፊዚክስና የሥነ ፈለክ የስሌት መሣሪያዎች የአማርኛ ስያሜ ሲመረመር

1. መነሻ

ከካምፓላ መሐል ከተማ በስተ ምሥራቅ፣ በናካዋ ክፍለ ከተማ፣ ቡጎሎቢ የተባለ ሰፈር ይገኛል። ስሙ በሉጋንዳ ሥርዓተ ጽሕፈት ሲጻፍ ሦስተኛው አናባቢ በድርብ ሆሄ ይወከላል፤ ርዝመቱ የቃሉ አካል ነውና። የአማርኛ ፊደል የአናባቢን ርዝመት የሚለይበት ምልክት ስለሌለው «ቡጎሎቢ» ብሎ ያልፈዋል። ሰፈሩን ለሚያውቅ አንባቢ የጎደለው ነገር ኢምንት ነው፤ ከዐውዱ ይሞላዋል። ጽሑፉን የሚያነበው ማሽን ሲሆን ግን ከዐውድ የሚሞላ ነገር የለም። የተጻፈው እንደ ተጻፈ ይወሰዳል።

በዚህ ሰፈር አፉን በአማርኛ የፈታ የፊዚክስ ተማሪ ይኖራል ተብሎ ቢታሰብ፣ የዘመኑ የኑክሌር ፊዚክስና የሥነ ፈለክ ምርምር የሚሠራባቸው የስሌት መሣሪያዎች ከእጁ አይርቁም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ በሰርን፣ የተገነባው ሩት የግጭት ሙከራዎችን መረጃ ያከማቻል፣ ይተነትናል። በ1998 መጨረሻ የተለቀቀው ጂያንት 4 ቅንጣቶች በቁስ አካል ውስጥ ሲያልፉ የሚገጥማቸውን ሁሉ አስመስሎ ያሰላል። በ2011 የተጀመረው አስትሮፓይ የሰማይ አካላትን ቦታ፣ ጊዜና የመለኪያ አሃድ ይይዛል። ሜሳ ደግሞ የአንድን ኮከብ ዕድሜ ከውልደት እስከ ፍጻሜ ይከተላል። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለ ዓመት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።) አራቱም የተጻፉበት ጽሑፍ ለሁሉ የተገለጠ ነው። በጄኔቫ ያለው ተመራማሪ የሚያነበውን መስመር በቡጎሎቢና በባሕር ዳር ያለውም ያነበዋል፤ ሊለውጠውና ለውጡን ለሌላ ሊያካፍለውም ይችላል። ገንዘብም ሆነ ደጅ መጥናት አይጠየቅም።

እኩል ያልደረሰው ቋንቋው ነው። ተማሪው መሣሪያው የሚሠራውን ለታናሽ ወንድሙ፣ ለእናቱ ወይም አገር ቤት ላለ መምህር በአማርኛ ሊያስረዳ ሲነሣ፣ የሚያገኛቸው ስያሜዎች ከእንግሊዝኛው ጥላ ሥር የበቀሉ ናቸው። ይህ ጽሑፍ እነዚያን ስያሜዎች ይመረምራል። ክርክሩም አንድ ነው፦ አማርኛ የመሣሪያዎቹን የእንግሊዝኛ ዘይቤ ሲተረጉም ሥራቸውን ሳይሰይም ቀርቷል፤ ስለዚህ ጽሑፉ ክፍት ሆኖ ትርጓሜው ዝግ ነው። ጉዳዩ የቃላት ውበት አይደለም። መሣሪያው የሰጠውን ቁጥር የሚመረምር ሰው መኖሩና አለመኖሩ በዚህ ላይ ያርፋል።

2. «ክፍት ምንጭ»፦ ከሌላ ቋንቋ በሽታ የመጣ መድኃኒት

መሣሪያዎቹ በአማርኛ የሚጠሩበት የወል ስም «ክፍት ምንጭ» ነው። ስያሜው የእንግሊዝኛው ቃል በቃል ትርጉም ነው። የእንግሊዝኛው ስያሜ እንዴት እንደ ተወለደ መመልከት ግን የአማርኛውን ድካም ያሳያል።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህን የሶፍትዌር ዓይነት ያስፋፉ ሰዎች የሚጠሩት «ፍሪ» በሚል ቅጽል ነበር። የእንግሊዝኛው ቅጽል ነጻነትንም፣ ያለ ክፍያ መገኘትንም ይይዛል። ሰሚው ሁልጊዜ ሁለተኛውን ስለሚያስቀድም፣ በየካቲት ወር 1998 በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ላይ ክርስቲን ፒተርሰን አዲሱን ስያሜ አቀረበች። አዲሱ ስም የተፈጠረው እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ላይ የነበረበትን አሻሚነት ለመሸሽ ነው።

አማርኛ ያ ችግር አለበትን? በከፊል ብቻ። «ነጻ» ብቻውን ቅጽል ሆኖ ሲቆም በእርግጥ ሁለት ፍች ይይዛል፤ «ነጻ ሰው» እና «ነጻ የትምህርት ዕድል» አንድ ዓይነት ነጻነት አይናገሩም። ነገር ግን የቋንቋው ምዕላዶች ሁለቱን የሚለዩበት መንገድ አላቸው። «በነጻ» ያለ ክፍያ ማለት ነው፤ ሌላ አይደለም። «ነጻነት» በበኩሉ ከክፍያ ጋር አይገናኝም፤ ማንም ሰው የትምህርት ዕድሉን «የዕድሉ ነጻነት» አይለውም። ስለዚህ «በነጻ የሚገኝ» እና «ነጻነት የሚሰጥ» ብሎ መለየት ለማንኛውም ተናጋሪ ቀላል ነው። አማርኛ ይህን መለያ ትቶ፣ ሌላው ቋንቋ ለራሱ ሕመም የቀመመውን መድኃኒት ተዋሰ።

የተዋሰውም ቃል በአማርኛ ውስጥ የራሱ ሕይወት አለው። «ምንጭ» ውኃ የሚፈልቅበት ነው፤ በዘይቤ ደግሞ የዜና፣ የገቢ፣ የጠብ መነሻ ነው። በገጠር የውኃ ሥራ ቋንቋ ክፍት የሆነ ምንጭ ከብት የሚረግጠው፣ ጎርፍ የሚገባበት ምንጭ ነው፤ የሚደረግለትም ማጎልበት፣ ማለትም መክደንና ማጠር ነው። ስያሜውን ያለ እንግሊዝኛው የሚሰማ ሰው ክፍትነቱን እንደ ጉድለት ቢወስደው አይፈረድበትም። ከዚህ የከፋው፣ የእንግሊዝኛው ቃል የሚያመለክተው ነገር፣ ማለትም የፕሮግራሙ ጸሐፊ በእጁ የጻፈው፣ ወደ ማሽን ቋንቋ ከመለወጡ በፊት ሰው ሊያነበው የሚችለው ጽሑፍ፣ «ምንጭ» በሚለው ቃል ውስጥ ጨርሶ አይታይም። ክፍት የሆነው ምን እንደ ሆነ ስሙ አይናገርም።

3. ንባብ፣ ትርጓሜ፣ ቀመር

የሚነበብን ጽሑፍና የጽሑፉን ማብራሪያ ለይቶ በመሰየም የአገሩ ትምህርት ችግር የለበትም። በመጻሕፍት ቤት ንባቡ አንድ ነው፤ ተማሪው አንድም ፊደል ሳይዛነፍ ይይዘዋል። ትርጓሜው ግን ንባቡን ተከትሎ፣ «አንድም» እያለ አማራጭ ፍች ያወርዳል። ንባቡ ሳይነካ ትርጓሜው ይሰፋል፣ ይከራከራል፣ ከመምህር ወደ መምህር ይለያያል።

የፕሮግራም ጽሑፍም ሁለት ነገር አለው፦ ማሽኑ የሚፈጽመው መስመር እና ማሽኑ ዘሎት የሚያልፈው፣ ለሰው የተጻፈ ማብራሪያ። የመጀመሪያው አንድ ሆሄ ቢዛነፍ ይሰናከላል፤ ሁለተኛው በማንኛውም ቋንቋ ሊጻፍ ይችላል። ይህ «ንባብ» እና «ትርጓሜ» ቢባል፣ ግንኙነቱን ለማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። «ክፍት ምንጭ» የተባለውም «ንባቡ ክፍት የሆነ» መሣሪያ ሆኖ ምን እንደ ተከፈተ ራሱ ይናገራል። ሐሳቡ አንድ ጉድለት አለው፤ መስመሮችን እያነበበ የሚፈጽመው የፕሮግራም ክፍልም በተለምዶ «ተርጓሚ» ስለሚባል ሁለቱ ሊጋጩ ይችላሉ። ያንን «ፈጻሚ» ማለት ግጭቱን ያስወግደዋል።

ስሌቱን በተመለከተም ቋንቋው ባዶ እጁን አይደለም። የመጽሐፈ ሄኖክ የሥነ ፈለክ ክፍል፣ ከምዕራፍ 72 እስከ 82፣ የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ በቁጥር ይተርካል፤ መጽሐፉም በምልአት የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ከዚያ ይልቅ ለዚህ ክርክር የሚቀርበው ባሕረ ሐሳብ ነው። በስሙ ውስጥ ያለው «ሐሳብ» የዛሬው የአማርኛ ሐሳብ ሳይሆን የግእዙ ቁጥርና ስሌት መሆኑን የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ያውቁታል። አሠራሩ ዛሬ ፕሮግራም ከሚባለው አይለይም። ለ2016 ዓ.ም. 5500 ተደምሮ 7516 ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ አንድ ተቀንሶ ወንበሩ 10 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 20፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 10 ይወጣል። ሁለቱ ተደምረው 30 መሙላታቸው የስሌቱ መፈተሻ ነው።

እዚህ ላይ ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ ስም የተሰጣቸው መያዣዎች ናቸው፤ በየዓመቱ ዋጋቸው ይለወጣል፣ ስማቸውና ግንኙነታቸው ጸንቶ ይኖራል። «መግደፍ» ደግሞ የብዜቱን ሙሉ ጣለና ቀሪውን ያዝ ማለት ነው፤ በዘመኑ ብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ውስጥ የራሱ ምልክት ያለው ተግባር ነው። ለዚህ ተግባር አዲስ ቃል ለመፍጠር የሚደክም መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የቆሎ ተማሪውን አልጠየቀም ማለት ነው።

4. ስያሜዎቹ በሚዛን

ከዚህ በኋላ ተገቢው ጥያቄ ቃል በቃል መተርጎም ሁልጊዜ ስህተት ነውን የሚለው ነው። አይደለም። ሩት መረጃን የሚያከማችበት ዋና ቅርጽ «ዛፍ» ይባላል፤ ዛፉ «ቅርንጫፎች»፣ ቅርንጫፎቹም «ቅጠሎች» አሏቸው። መረጃው ከጥቅል ወደ ዝርዝር የሚወርድበት መንገድ በእርግጥም የዛፍ መልክ ስላለው፣ አማርኛም «ቅርንጫፍ»ን ለባንክና ለመሥሪያ ቤት ካዋለ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው፣ ዘይቤው ሳይሰበር ይሻገራል። ዘይቤው ከሥራው ሲገጥም ቃል በቃል መተርጎም ተገቢ ነው።

በተቃራኒው ያለው ምሳሌ የኑክሌር ፊዚክስ ዋና መለኪያ ነው። አንድ ቅንጣት ወደ ኑክሌስ ሲወረወር የመጋጨት ዕድሉ በስፋት ይገለጻል፤ እንግሊዝኛው ይህን የሚጠራው ዕንጨት ወይም ቧንቧ አግድም ሲቆረጥ በሚታየው ገጽ ስም ነው። «አግድም ቁራጭ» ብሎ የሚተረጉመው ሰው ቃሉን አገኘ እንጂ ነገሩን አላገኘም፤ ማንም ኑክሌስን አልቆረጠም። ነገሩ ዒላማው ለተወርዋሪው ምን ያህል ሰፊ ሆኖ እንደሚቀርብ የሚናገር ነውና «የመጋጨት ስፋት» ቢባል ተማሪው ቀመሩን ከማየቱ በፊት ግማሹን ተረድቷል። የዚህ ስፋት አሃድ ባርን ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር ከ1 በኋላ 28 ዜሮ ላለው ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው። አሃዱን በ1942 በአሜሪካ፣ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሰየሙት ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት ከእርሻ ቤት ጎተራ ነው ስሙን ያመጡት፤ ለአንድ ኑክሌስ ይህ ስፋት እንደ ጎተራ የማይሳት ነው በሚል ቀልድ። ይህ ግን መተርጎም የለበትም። የአሃድ ስም እንደ ሰው ስም ነው፤ ዓለም ሁሉ በአንድ ድምፅ ይጠራዋል፤ «ጎተራ» ቢባል ቀልዱም አይሻገርም፣ መለኪያውም ይጠፋል።

ጂያንት 4 የሚሠራበት ዘዴ ሞንቴ ካርሎ ይባላል። በ1940ዎቹ በሎስ አላሞስ የነበሩ ሳይንቲስቶች በሞናኮ የቁማር ቤት ስም ሰየሙት። የአሠራሩ ፍሬ ነገር ዕጣ ነው፦ ቅንጣቱ በእያንዳንዱ እርምጃ ይጋጭ ወይስ ይለፍ፣ ቢጋጭ ወዴት ይታጠፍ የሚለው እንደ ዕድሉ መጠን በዕጣ ይወሰናል፤ ሚሊዮን ጊዜ ተደግሞ አማካዩ ይወሰዳል። ዕጣ በአማርኛ ውስጥ የቁማር ብቻ አይደለም። እቁብ በዕጣ ይወጣል፤ መሬትና ኮንዶሚኒየም በዕጣ ተከፋፍሏል፤ ዕጣ የሚያወጣው ሰው እንዳያዳላ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል። «በዕጣ ማስላት» የሚለው ስያሜ ከሞንቴ ካርሎ ይልቅ ለሰሚው የሚናገረው ብዙ ነው። ማሽኑ የዕጣውን ተራ የሚጀምርበት ቁጥር በእንግሊዝኛ የዘር ስም አለው፤ «ዘር» ቢባል ከተመሳሳይ ዘር ተመሳሳይ ቡቃያ እንደሚበቅል ሁሉ ከአንድ መነሻ ቁጥር አንድ ዓይነት የዕጣ ተራ እንደሚወጣ ይገልጻል፤ ይህም ሌላው ተመራማሪ ስሌቱን ደግሞ እንዲፈትሽ የሚያስችለው ነው።

ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚያደርሱት ግን አንድ ቃል ለብዙ ነገር የዋለባቸው ስያሜዎች ናቸው። «የኑክሌር ኃይል» በአማርኛ በኑክሌስ ውስጥ ያሉትን ቅንጣቶች አጣብቆ የሚይዘው ነው፤ ከኑክሌስ መሰንጠቅ የሚወጣውም ነው፤ ከዚያ የሚመነጨው ኤሌክትሪክም ነው። በስሌት መሣሪያ ውስጥ ግን እነዚህ ሦስቱ በኒውተን፣ በጁልና በዋት የሚለኩ ሦስት የተለያዩ መጠኖች ናቸው። አስትሮፓይ አሃዶቹ ያልተጣጣሙለትን ድምር ለመፈጸም እንቢ ይላል፤ ቋንቋው ግን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ኃይልን ለመጀመሪያው፣ ጉልበትን ለሁለተኛው፣ አቅምን ለሦስተኛው መወሰን አዲስ ቃል መፍጠር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ስምምነት ነው።

«ስህተት»ም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ ሲሰናከል የሚወጣው መልእክት ስህተት ይባላል፤ የተማሪው የሒሳብ ግድፈት ስህተት ይባላል፤ ማንኛውም ጥንቁቅ ልኬት አብሮት የሚይዘው የመለዋወጥ ወሰንም ስህተት ተብሎ ይተረጎማል። «የልኬቱ ስህተት 5 በመቶ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በጋዜጣ ያነበበ ሰው ሥራው ተበላሽቷል ብሎ ቢደመድም ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የእንግሊዝኛው ቃልም ይህ ችግር አለበት፤ ግን የሌላውን ቋንቋ ጉድለት ወርሶ መጠበቅ ግዴታ አይሆንም። ሦስተኛው «የልኬት ወሰን» ቢባል ዓረፍተ ነገሩ የሚናገረው ጥንቃቄን እንጂ ውድቀትን አይሆንም።

ቋንቋው ሲሳካለት ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ ቃል ደግሞ አለ፤ ጨረራ። «ጨረር» ነገሩን ይሰይማል። «ጨረራ» ግን ከቆጠራ፣ ከዘረፋና ከከበባ ጋር አንድ ቅርጽ ይዞ ሂደቱን ይሰይማል። ቃሉ ከቋንቋው የራሱ የስም መፍጠሪያ ቅርጽ ስለ ወጣ፣ ለሰሚው ያለ መዝገበ ቃላት ይገባል። በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ በተቋቋመው የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ስም ውስጥ ገብቶም በሕግና በመሥሪያ ቤት ጸንቷል። ሌሎቹ ስያሜዎች ሊመዘኑ የሚገባቸው በዚህ ነው፦ ቃሉ ከቋንቋው ቅርጽ ይወጣልን? ሥራውን ይናገራልን? አጠገቡ ካለው ቃል ይለያልን?

5. ሞክሼ ሆሄያት በማሽን ፊት

የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ አገኘ። በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ደግሞ በላቲን ፊደል ያልተጻፉ ስሞችን መቀበል ጀመረ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ አንድ ተማሪ የስሌቱን መያዣ «ኃይል» ብሎ በፊደሉ ሊሰይመው ይችላል፤ ማሽኑም ይቀበለዋል። ድሉ እውነተኛ ነው። ወጥመዱም ከዚያው ይጀምራል።

«ኃይል» በሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ያለውን ድምፅ አማርኛ በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ሊጽፈው ይችላል። «ፀሐይ» በሁለቱ ጸዎችና በስድስቱ ሀዎች ሲባዛ 12 አጻጻፍ ይኖረዋል። ለሰው አንባቢ 12ቱም አንድ ፀሐይ ናቸው፤ ለማሽኑ 12 የተለያዩ ስሞች። ተማሪው በመጀመሪያው መስመር «ኃይል» ብሎ የከፈተውን መያዣ ከመቶ መስመር በኋላ «ሀይል» ብሎ ቢያድሰው፣ ማሽኑ አይቃወምም። አዲስ መያዣ ይከፍታል፤ የድሮው ዋጋ በቦታው ይቀራል፤ የመጨረሻው ቁጥር በአሮጌው ዋጋ ተሰልቶ ይወጣል። ስሌቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበትን ክፍል የግድግዳ ውፍረት ለመወሰን ከሆነ፣ ጂያንት 4ም ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚውል ነውና፣ የአንድ ሆሄ ልዩነት በግድግዳው ማዶ የሚቀመጠውን ሰው ይነካል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየው የሞክሼ ሆሄያት ክርክር ለብዙዎች የታሪክና የስሜት ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። እዚህ ላይ የደኅንነት ጉዳይ ይሆናል።

ጥፋቱን በፓይተን ወይም በዩኒኮድ ላይ መጣል ትክክል አይደለም። ፓይተን ስሞችን ከማወዳደሩ በፊት በዩኒኮድ ደንብ ወደ አንድ መልክ ያመጣቸዋል፤ ደንቡ ግን ሀን ከሐ አያዋሕድም፤ ሊያዋሕድም አይገባም። ትግርኛ ሁለቱን በድምፅ ይለያቸዋል፤ ግእዝም በፍች። ለአማርኛ ሲባል ቢዋሐዱ የሌላው ቋንቋ ቃላት ይፈርሳሉ። ስለዚህ የአማርኛን ወጥ አጻጻፍ የመወሰን ሥራ ለአማርኛ ሊቃውንት የተተወ ነው፤ ሌላ የሚሠራው የለም።

ቁጥሮቹም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣሉ። ፓይተን «፩ አኃዝ ነውን?» ተብሎ ሲጠየቅ አዎን ይላል፤ «ወደ ቁጥር ለውጠው» ሲባል ግን ይሰናከላል። የዓረብኛን ወይም የሕንድን አኃዞች ግን ይለውጣል። ለቸኮለ ሰው ይህ መድልዎ ይመስላል። ምክንያቱ ግን የግእዝ አኃዝ ዜሮ የሌለው፣ ለ፲፣ ለ፻ና ለ፼ የራሱ ምልክት ያለው፣ ዋጋውን በቦታ የማይወስን ሥርዓት መሆኑ ነው። ዩኒኮድ ይህን ልዩነት በትክክል መዝግቧል። ፩ን እንደ 1 መቁጠር ፲፩ን «10 እና 1» ሳይሆን ሌላ ነገር ያደርገዋል። ማሽኑ እዚህ ላይ ከብዙ የቋንቋ ተቆርቋሪዎች ይልቅ የፊደሉን ጠባይ አክብሯል።

6. ሰዓት፦ በቡጎሎቢና በእንጦጦ መካከል

እስካሁን የተነሡት ምሳሌዎች አማርኛን ብቻውን ያቆሙት ነበር። የሰዓት አቆጣጠር ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ያቆመዋል። በቡጎሎቢ ሉጋንዳ ተናጋሪው ጠዋት «ሳዋ ኤሙ» ሲል አንድ ሰዓት ማለቱ ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪው «ሳ ሞጃ» ይላል፤ አማርኛ ተናጋሪው «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት»። ሦስቱም ቀኑን ከንጋት ይቆጥራሉ። የአቆጣጠሩ ምክንያት ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ግልጽ ነው። ካምፓላ ከወገቡ በስተ ሰሜን ከግማሽ ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ ስለምትገኝ ቀንና ሌሊቷ ዓመቱን ሁሉ እኩል ለመሆን ይቀርባሉ፤ የሰማይ ሁለቱም ዋልታዎች በአድማሷ ላይ ይተኛሉ።

አዲስ አበባና ካምፓላ አንድ የሰዓት ቀጠና ይጋራሉ፤ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት ይቀድማሉ። በእንጦጦ ታዛቢ ማዕከል፣ አንድ አንድ ሜትር መስታወት ካላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች በአንዱ «ማታ 3 ሰዓት» ተብሎ የተመዘገበ ምልከታ ለአስትሮፓይ 18 ሰዓት ተብሎ መነገር አለበት። ለሌሊቱ ሰዓት 15 መደመር፣ ለቀኑ 3 መደመር ነው ደንቡ። «ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ሲባል ግን 23 ሰዓት ይሆናል፤ ቀኑም በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ገና እሑድ ነው። «አጥቢያ» የሚለው ቃል ሌሊቱን ለሚነጋው ቀን ይሰጠዋል፤ መሣሪያው ለመሸው ቀን። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ ምልከታውን በአንድ ሙሉ ቀን ያዛንፈዋል።

የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ራሳቸው ሌሊቱን ለሁለት መክፈል ስላስቸገራቸው ቀኑን ከእኩለ ቀን የሚጀምር የጁልያን ቀን ቁጥር ይጠቀማሉ። በዚህ አቆጣጠር በእንጦጦም ሆነ በቡጎሎቢ ከምሽት እስከ ንጋት ያለው ሌሊት በአንድ ቁጥር ሥር ይውላል። ዘመናዊ የኮከብ ዝርዝሮች መነሻ የሚያደርጉት ቅጽበት፣ ጥር 1 ቀን 2000 በግሪንዊች እኩለ ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው። አስትሮፓይ ተጠቃሚው የራሱን የጊዜ ቅርጽ እንዲጨምር በር ትቶለታል። የባሕረ ሐሳብን ስሌት የሚያውቅ አንድ ሰውና ፓይተን የሚያውቅ አንድ ሰው አብረው ቢቀመጡ፣ «ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት»ን መሣሪያው እንዲረዳው ማድረግ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። ንባቡ ክፍት ነው የሚባለው ይህን ለማድረግ ፈቃድ የማይጠየቅ በመሆኑ ነው።

7. ተቃውሞውና ቀሪው ሥራ

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ የታወቀ ነው። የምርምሩ መግባቢያ እንግሊዝኛ ነው፤ በኢትዮጵያም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ማስተማሪያውን እንግሊዝኛ አድርጎታል፤ በዩጋንዳም እንግሊዝኛ የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ ታዲያ ተማሪው ሁለት ጊዜ ለምን ይማራል? ተቃውሞው ስለ ትእዛዞቹ ትክክል ነው። የሩትን ወይም የአስትሮፓይን ትእዛዝ ወደ አማርኛ መለወጥ ተማሪውን ከዓለም ማኅበር ይለየዋል። የሠንጠረዥ ፕሮግራም ቀመሮች በየአገሩ ቋንቋ ሲተረጎሙ አንዱ ከሌላው የተቀበለውን ለማንበብ የገጠመው ችግር ይህን አስተምሯል። ንባቡ እንዳለ ይቆይ።

ስለ ትርጓሜው ግን ተቃውሞው አይሠራም። ተማሪው ቁጥሩን የሚጠራጠረው፣ ለምን ይህ ወጣ ብሎ የሚጠይቀው፣ ለታናሹ የሚያስረዳው በሚያስብበት ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ ጉልበትና ኃይል፣ ስህተትና የልኬት ወሰን ካልተለዩ ጥያቄው ራሱ አይነሣም። ቁጥሩን መሣሪያው ስለ ሰጠው ብቻ የሚቀበል ተማሪ ደግሞ የመሣሪያው ንባብ ክፍት ቢሆንም ዝግ ቢሆንም ለእሱ ልዩነት የለውም።

ከዚህ የሚከተለው ሥራ ለፊዚክስ ክፍሎች ብቻ የሚተው አይደለም። የመጀመሪያው፣ በነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገኙትን ዋና ዋና ስያሜዎች በሥራቸው መዝኖ፣ የሚተረጎመውን፣ እንዳለ የሚወሰደውንና ከአገሩ ትምህርት የሚገኘውን መለየት ነው። ሁለተኛው፣ የሞክሼ ሆሄያትን ወጥ አጻጻፍ በወረቀት ላይ ከመወሰን አልፎ፣ ማሽን ሊያነበው በሚችል የቃላት ዝርዝር ማስቀመጥ ነው፤ «ሀይል» ተብሎ ሲጻፍ «ኃይል» መሆኑን የሚያስታውስ ትንሽ ፕሮግራም ከዚያ ይወጣል። ሦስተኛው፣ ንጋትን መነሻ ያደረገውን ሰዓት ከሉጋንዳና ከስዋሂሊ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ለሦስቱ ቋንቋዎች በአንድ ጊዜ ወደ መሣሪያዎቹ ማስገባት ነው። ለሦስተኛው ሥራ ካምፓላ ከአዲስ አበባ ይልቅ ትመቻለች፤ ሦስቱም ቋንቋዎች በአንድ ከተማ ይሰማሉና። በቡጎሎቢ ያለው ተማሪ መሣሪያውን ዛሬ ማታ በኮምፒዩተሩ ላይ ሊጭነው ይችላል። የሚጎድለው የቃላቱ ዝርዝር ነው፤ እሱን የማዘጋጀት ድርሻም የቋንቋ አጥኚዎች ነው።